የተገዘተው ጥሻ

ካምባ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእታለም ሻሺቱ፣

ነጋዴዋ ወርቄ ትናንት ከጭነት መኪናው ወርዳ ቀጥታ ግብርና ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣችና ደብዳቤሽንና ጋቢውን ሰጠችኝ። ባልደረቦቼ ፊት ጋቢውን ዘርግታ «እህትህ ብርድ ይፈራል ብላሃለች» ብላ አሳቀችብኝ። ተባረኪ። ሳሉ ለቆኛል፤ ካምባም አንቺ እንደምትፈሪያት አይደለችም። ለመስቀል ባለመምጣቴ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገዱ ተቆርጦ ነበር ብልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው።

የእማሆይን ጉልበት ሳሚልኝ። እናታችን መንኩሳ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጎጆ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ሆነ፤ እኔ ግን እስካሁን «እማዬ» ብዬ ጀምሬ ነው ወደ «እማሆይ» የምመለሰው።

ከቤተ ክርስቲያኑ በረት የጠፉትን ሁለት የስለት በጎች በተመለከተ፣ እኔ ሌባ ነው ባይ ነኝ። ሌባ ካልሆነ ጅብ ነው። አቶ ጉግሳ በቅጥሩ ሰሜን ያስቀረነውን ጥሻ «ይሄ ነው ያመጣብን» ማለቱ አልገረመኝም፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ከሆነ ጀምሮ ዝናብ ሲዘገይም ጥፋተኛው ጥሻው ነው። አንቺ ግን የበፊቱን አትርሺ። ሰው የተሳለውን በግ እያመጣ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ፣ በጎቹ ለንግሥ ተሸጠው እስኪያልቁ ድረስ በመቃብሩ መሀል ሲግጡ ይከርሙ ነበር። የበቀለች የወይራ ችግኝ ሁሉ ሁለት ቅጠል ሳታወጣ ታልቃለች። ያሉት ዛፎች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሲወድቁ የሚተካቸው አልነበረም። በጎቹን በረት ካስገባን፣ የሰሜኑንም ጥግ ማጭድ እንዳይነካው ካደረግን ወዲህ የሆነውን አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ፤ ድኩላ ተመለሰች፣ ሶረኔ የምትባለው ወፍ ኮሶው ላይ ጎጆ ሠራች፣ ጉሬዛዎቹ ወለዱ። በረቱን ከእማሆይ ጎጆ አጠገብ ያደረግነው እሷ ለጸሎት ስለምትነቃ ኮሽታ ቢኖር ትሰማለች ብለን ነው። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ትክክል ይመስለኛል።

ግዝቱ ይፈታ ወይ ብለሽ ማንሳትሽ ግን አስደንግጦኛል። አባ ሀብተሚካኤል አምና በኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ ሕዝቡ ፊት መስቀላቸውን ይዘው «ከሰሜኑ ጥሻ እሾህ እንኳ የቆረጠ የተገዘተ ይሁን» ያሉት እኔ ለምኛቸው ነው። የሚፈታውም እኔው ያስገዘትኩት ስጠይቅ ነው። ግዝት የጓሮ በር አይደለም፣ ዛሬ ዘግተን ነገ የምንከፍተው። ግዝቱ ባይኖር ደግሞ ያ ጥሻ አንድ ክረምት አይከርምም፤ ማገዶ ይሆናል።

በረቱን በእሾህ አጥሩት፤ ጅቡ አንዴ ከተወጋ አይመለስም። እሾሁን ግን ከጥሻው እንዳትቆርጡ፤ ለውግዘት የቸኮለ ሰው ካልተገኘ በቀር።

ያንቺው ፋኑኤል


ከጨንቻ በላይ፣ ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ፋኑኤል፣

እንደምን ከርመሃል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ጽፌ መልሼ ሰርዤዋለሁ፤ ስርዙን ታየዋለህ። ወረቀት ለመለወጥ ልብ አልነበረኝም።

እንዳልከው አጠርነው። ሦስተኛውም በግ ሄደ። አጥሩን ዘሎ ገብቶ፣ በጉን በአፉ ይዞ፣ አጥሩን ዘሎ ነው የወጣው። ጅብ እንዲህ ሲዘል ሰምተህ ታውቃለህ? ጎረቤታችንን ኤርጫፎን ጠራሁት። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ቆላ እየወረደ ያድን እንደነበር ታውቃለህ። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ጅብ ቢሆን የጥፍሩ ምልክት ይታይ ነበር፣ ይህ ግን ጥፍሩን ደብቆ የሚሄድ ነው አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ፣ «ስሙን እዚህ ቆመን አንጠራም። ገብቶሻል» አለ።

ገብቶኛል። ሰው ሲቆጣ «ነብር አየኝ በል» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ትናንት ያንን ዱካ ሳይ አነጋገሩን የፈጠረው ሰው ምን ገጥሞት እንደሆነ ገባኝ።

ዱካው ከጥሻው ወጥቶ፣ በረቱን ዞሮ፣ በእማሆይ ደጃፍ ያልፋል። በሯ ቀርከሃ ነው። በእግር ገፋ ቢያደርጉት ይከፈታል፤ ገፍቼ አይቼዋለሁ።

ወደ ቤቴ ነይ ብዬ ለመንኳት። ለምኜ ሲያቅተኝ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ ደግሞ እሷ እኔን ማባበል ጀመረች። «ስመነኩስ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቅጥር ላልወጣ ለአምላኬ ነግሬዋለሁ። ለአንድ አውሬ ብዬ ቃሌን አላጥፍም» አለችኝ። በነጋ በጠባ ለኪዳን ጸሎት የምትሄደው በጥሻው ጠርዝ ነው፣ ብቻዋን። የዚህን አገር ጭጋግ አልረሳኸውም፤ በዚህ ወር እስከ ረፋድ የራስህን እጅ አያሳይህም።

ለአቶ ጉግሳ ጅብ ነው ብዬዋለሁ። እውነቱን ከነገርኩት ጠመንጃ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። ኤርጫፎ ደግሞ ካልተነካው ይልቅ ቆስሎ ያመለጠው ነው የሚያስፈራው ይላል። ስለዚህ ሦስታችን ብቻ ነን የምናውቀው፣ አሁን ከአንተ ጋር አራት። አንተ የተማርክበት ነገር ነው፤ ምን እንደማደርግ ንገረኝ። ስለ ቆጮው በወርቄ በኩል የጠየቅኸውን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ፤ አሁን ስለ ምግብ ለመጻፍ አልቻልኩም። ፈርቻለሁ።

እህትህ ሻሺቱ


ካምባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። እንደ ባለሙያ ልመልስልሽ፤ እንደ ልጅ ከመለስኩልሽ ሁለታችንም እንረበሻለን።

ነብር ሰውን ይሸሻል። እኛ አንድ ጊዜ ስናየው እሱ መቶ ጊዜ አይቶን አልፏል። ጥሻው ውስጥ ድኩላና ቆቅ አለለት፤ ወደ ጎጆዎቹ የሳበው ታስሮ የሚያድር በግ ነው። ማምለጫ የሌለው በግ በአፍንጫው ሥር ያስቀመጥንለት እኛ ነን። እኛ ስል እኔ ማለቴ ነው። ስለዚህ በረቱን ነገ ዛሬ ሳትዪ ከቅጥሩ አውጥታችሁ ኤርጫፎ ግቢ አድርጉት፤ ውሾች አሉት። ለእማሆይ የጣውላ በር አሠሪላት። ለኪዳን ስትሄድ በጥሻው በኩል ሳይሆን በደቡቡ መንገድ ትዙር፤ ረጅም ነው ትላለች፣ ይርዘም። መቋሚያዋ ላይ ባዶ ቆርቆሮ እሰሪላት። መምጣቷን ቀድሞ ከሰማ ገለል ይላል። አውሬ የሚከፋው ሳያስብ ሲደርሱበት ነው።

ጥሻው ግን አይነካ። ስለ አውሬውም ለማንም አትናገሩ።

ይመጣል ብለሽ እንደምትጠብቂ አውቃለሁ፤ ለገና አልችልም፤ ለጥምቀት እሞክራለሁ። ስሚኝ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ እርግጠኛ ሆኜ ነው። ቢሆንም በሩን ዛሬውኑ አሠሪላት።

ፋኑኤል


ከጨንቻ በላይ፣ ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለፋኑኤል፣

ለጥምቀትም አልመጣህም። ሳትጠይቀኝ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ?

ያልከውን ሁሉ አድርገናል። በረቱ ኤርጫፎ ግቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም በግ አልጠፋም። እማሆይ የጣውላውን በር ስታይ፣ መነኩሲቷን እስረኛ አደረጋችኋት ብላ ስቃለች። የደቡቡንም መንገድ ለምዳዋለች። ቆርቆሮውን ሕፃናቱ ይወዱታል፤ አቶ ጉግሳ ደግሞ እማሆይ አርጅታ ነገር ጀመራት ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት። 

እስከዚህ ድረስ ያለው አንተን ደስ ይልሃል። ከዚህ በታች ያለው ግን ያንተን እርግጠኝነት አይጨምርም።

ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የወረደ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎ ሲሄድ፣ እኔ እማሆይን ብቻዋን አልተዋትም ብዬ አብሬያት ቀረሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ነበር። እንዲያው በጨዋታ መሀል፣ ልጇ አድጋለች አለችኝ። የማን ልጅ አልኳት። ወደ ጥሻው በአገጯ አሳየችኝ። እናቲቱን አውሬ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ታያታለች። የወደቀው ዝግባ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ በኋላም ግልገሏን ይዛ ስትሻገር። በጎቹ ገና አንድም ሳይጠፉ ማለት ነው። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «አንቺ ፈሪ ነሽ፤ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ፈሪ ነኝ። በየማለዳው ቤቴ ሆኜ የቆርቆሮውን ድምፅ እጠብቃለሁ። ሲያንቃጭል «ሄደች» እላለሁ፤ ሲመለስ «ገባች» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥጤን አንሥቼ መፍተል የምጀምረው። ባለፈው ማክሰኞ ድምፁ ቀረ። ነጠላዬን እንኳ አላነሳሁም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ስሟን እየጠራሁ ስሮጥ መቃብር ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በሩን ስደበድብ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነው ያገኘኋት። አንተን የረገምኩህ ያን ጊዜ ነው፤ ስላልሰማኸኝ ብቻ ነው አሁን የምነግርህ።

እናት ግልገል ይዛ እዚያ አለች። የእኛም እናት እዚህ አለች። ሁለቱም አልወጣም ብለዋል። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ናና ግዝቱን አስፈታ፤ ጥሻው ይመንጠር። ሶረኔዋም ትሂድ፣ ድኩላዋም ትሂድ። ለወፍ ብዬ እናቴን አላስበላም።

ሻሺቱ


ካምባ፣ የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ወርቄ ዛሬውኑ ይዛልሽ ትመጣለች። ከውስጡ ሌላ ደብዳቤ አለ፤ የታሸገ ነው፤ ለአባ ሀብተሚካኤል በእጃቸው ስጪያቸው። ግዝቱ እንዲፈታ እኔ ያስገዘትኩት በስሜ ጠይቄያለሁ። በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ይፍቱት፤ በማግሥቱ ይመንጠር።

ለምን ሐሳብህን ለወጥክ ትያለሽ። ከዚህ ቆላው በኩል ባለ ቀበሌ አንዲት ሴት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነብር አገኛት። ጽሕፈት ቤቱ ሄደህ እይ ብሎኝ ሄድኩ። ያየሁትን አልጽፍልሽም። በሕይወት አለች፤ አርባ ምንጭ ወስደዋታል። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ነጠላዋ የእማሆይን ነጠላ ይመስል ነበር።

ነብር ሰው ይሸሻል ብዬሽ ነበር። መጽሐፉ የሚለውን ነው የነገርኩሽ። መጽሐፉ ስለ እናቴ አያውቅም።

ራሴ እንዳልመጣ፣ ያንን አውሬ ፍለጋ ከሚወጡት ጋር መድበውኛል፤ ነገ እንወጣለን። ማን እንዳስቆረጠው አቶ ጉግሳ ቢጠይቅ ፋኑኤል ነው በይው። ደስ ይበለው። ቁረጡት እታለም፤ ሥሩ ሳይቀር።

ፋኑኤል


ካምባ፣ የካቲት 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሻሺቱ፣

ሰላምታ የለኝም፣ ቶሎ ይድረስሽ ብዬ ነው። የታሸገውን ደብዳቤ ለአባ ሀብተሚካኤል ካልሰጠሻቸው እንዳትሰጪ። ሰጥተሽም ከሆነ ሄደሽ አስቁሚያቸው።

አውሬውን አላገኘነውም፤ የኖረበትን ቦታ ግን አገኘነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ገበሬዎቹ ለማሳ ብለው ያቃጠሉት ሸለቆ ነው። ሽማግሌዎቹን ጠየቅን። ነብሯ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ዓመታት ኖራለች፤ ሴቶቹ በላዩ እየተሻገሩ ውሃ ይቀዱ ነበር፤ አንድም ሰው ነክታ አታውቅም። ሰው ላይ የመጣችው መጠጊያዋ ከነደደ በኋላ ነው። ግልገል ነበራት አሉ። ግልገሉ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው። የዚያችን ሴት ነጠላ አየሁና የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይላሉ፤ እኛ ይዘናል፤ አንልቀቅ። ጥሻው እንዳለ ይቆይ። ወርቄ ታማለች አሉኝ፤ ስለዚህ ይህን ለጭነት መኪናው ሾፌር ነው የሰጠሁት። ከንግሡ በፊት እንዲደርስልሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፋኑኤል


ከጨንቻ በላይ፣ የካቲት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፋኑኤል፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ከእጄ የጥሻውን እሾህ እየነቀልኩ ነበር። ሾፌሩ መኪናው ተበላሽቶበት አርባ ምንጭ ሰንብቷል። ሰውየውን አትቆጣው። እኔም አልተቆጣሁህም። ቁረጡልኝ ብዬ የለመንኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ ልጅ ሆነህ መለስክልኝ።

አባ ሀብተሚካኤል ደብዳቤህን ሕዝቡ ፊት አንብበው ግዝቱን ፈቱት። በማግሥቱ ሰው ማጭድና መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ እኔም ገብቼ ጎተትኩ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልነግርህም። አውሬዋም ግልገሏም አልተገኙም። ጥቂት የበግ አጥንትና የተረገጠ ሣር ብቻ ነበር። አቶ ጉግሳ አሁን ቤተ ክርስቲያን መሰለ ብሎ መረቀህ። ኤርጫፎ ግን ማጭዱን ይዞ መጥቶ ሳይቆርጥ ነው የዋለው። ሲመሽ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እኔ ዱካ አይቻለሁ። ከቅጥሩ ወደ ውጭ የወጣ የለም» አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልጻፍልህ። የኤርጫፎ አንደኛው ውሻ ጠፋ። ቅዳሜ ዱካው በደቡቡ መንገድ ላይ ታየ። እሑድ ዕለት ከደጀ ሰላሙ ኋላ። ትናንት ጠዋት የእኔ የእንሰት ጓሮ ውስጥ። ጥሻው ሳለ ወዴት እንደማንሄድ እናውቅ ነበር። አሁን ሕፃናቱን ከቤት አናወጣቸውም፤ ሴቶቹ ውሃ የሚወርዱት ተሰብስበው ነው፤ አቶ ጉግሳም ጠመንጃውን ይዞ ነው የሚያስቀድሰው። አንድ ሰው እንኳ ጅብ ነው የሚል የለም።

ስለ እማሆይ ነው የምትጠብቀው፤ አውቃለሁ። እሱን ለመጻፍ እየፈራሁ ነው እዚህ የደረስኩት።

ደህና ናት። ምንም አልነካትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ጥጥ ስፈትል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል እማሆይ ናት። ዳዊቷን በብብቷ፣ አጎዛዋን በትከሻዋ አድርጋ። እግሯ በጭቃ ተነክሯል፤ ጫማ አልነበራትም፤ መቋሚያዋንም አልያዘችም። ያን ሁሉ ወር አልቅሼ ለምኜ ያልመጣች ሴት፣ ለአምላኬ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም ያለች ሴት፣ ማንም ሳይጠራት በገዛ እግሯ ከቅጥሩ ወጥታ መጣች። ለዚህ ቀን ስንት ስእለት እንደተሳልኩ አንተ አታውቅም። መጥታ ሳያት ግን ደስታው ጠፋብኝ።

ምን አየሽ አልኳት። እሳቱ ዳር በርጩማ ብስብላትም አልተቀመጠችም፤ ወለሉ መሀል ቆማ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ቀረች።

«ዝጊው» አለችኝ።

ዘጋሁት።

«መወርወሪያውንም።»

ወረወርኩት። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ያለችው። እጇን ያዝኩት።

ና። መንገድ ተቆረጠ፣ ሥራ በዛ ብለህ አትጻፍልኝ። ስትመጣ ብቻህን ከአስፋልቱ አትገንጠል፤ ሰው ጠብቅ። አሁን ረፋድ ነው፤ ውጭው ፀሐይ ነው መሰለኝ፤ በጣውላው ስንጥቅ ብርሃን ይገባል። እሷ ትይዩዬ ቁጭ ብላ በሩን እያየች ነው። ክፈቺው አላለችኝም፣ እኔም ልክፈተው አላልኳትም። ይህን የምጽፍልህ በቀን ኩራዝ አብርቼ ነው።

እህትህ ሻሺቱ